ሰሚ ፍለጋ፤ በዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ስለሚታየው የፖለቲካ ተስፋ መቁረጥና ስለ ግብረ ገብ ወቀሳ

በኢትዮጵያ የቃል ትውፊት «እረኛ ምን አለ?» የሚል የታወቀ ጥያቄ አለ። የጥንት ነገሥታትና መሳፍንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ እንዲህ ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ነገሩ በየዘመኑ በእርግጥ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ክርክር ወደ ጎን ትተን ጥያቄውን ብቻ ብንመረምር ሦስት ሐሳቦች ተጠቅልለውበት ይገኛሉ። የመጀመሪያው፥ ከሁሉ ያነሰው ሰው በግጥም ይናገራል፤ ሁለተኛው፥ ንግግሩ እውነት አለበት፤ ሦስተኛው፥ ያንን እውነት መስማት የገዢው ግዴታ ነው። እረኛው በሜዳ ቢዘፍንም ዘፈኑ በመጨረሻ ወደ አንድ ጆሮ እንደሚደርስ ይታመናል።

ከ1953 ዓ.ም. ወዲህ በአማርኛ ስለ ተጻፈው የፖለቲካ ግጥም የተሰጡት አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በቃሉ ኃይለኛነት ላይ ነው። ገጣሚው ምን ያህል ደፈረ፥ ምን ያህል መረረው፥ ምን ያህል ገለጠው እየተባለ ይመዘናል። ይሁን እንጂ ምሬት ብቻውን የተስፋ መቁረጥ ምልክት አይደለም፤ እጅግ የመረረ አቤቱታ እንኳ ሰሚ እንዳለ የሚያምን ሰው ጩኸት ነውና። የተስፋ መቁረጥ ትክክለኛ መለኪያ ግጥሙ ማንን እንደሚጠራ መመልከት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዚህ መለኪያ በርከት ያሉ የታወቁ ሥራዎችን መመርመርና ግጥሞቹ «ደሃው» ብለው የጠሩትን ሰው በዚያው ዘመን ከቡታጅራና ከአካባቢው ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ይሠራ ከነበረው ሰው ሕይወት ጋር ማነጻጸር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ወቀሳና ሰሚው በቀድሞው ሥርዓት

በቀድሞው ሥርዓት ወቀሳ የራሱ ቦታና የራሱ መንገድ ነበረው። አዝማሪው በጌታው ፊት ቆሞ፥ አልቃሹ በለቅሶ ላይ፥ ባለ ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነቀፌታውን በሰም ሸፍኖ ያቀርብ ነበር። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ ይህ የንግግር ጥበብ ተናጋሪውን ከአደጋ እንደሚጠብቀው አስረድቷል። በዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሰሙ የሚጠብቀው ተናጋሪውን ብቻ ሳይሆን ሰሚውንም ጭምር ነው። የተነቀፈው ጌታ በአደባባይ ሳያፍር ወርቁን በልቡ ይዞ ጠባዩን ሊያርም ይችላል። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ሊታረም የሚችል ሰሚ መኖሩን አስቀድሞ የተቀበለ ሥነ ቃል ነው።

አቤቱታም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ነው። በደል የደረሰበት ሰው «አቤት» እያለ በችሎት ደጅ ሲጠና፥ የንጉሠ ነገሥቱ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ወረቀቱን ይዞ ሲቆም፥ የበደለው ሹም እንጂ ሥርዓቱ ራሱ ነው ብሎ አያስብም ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተነሡት እንደ ከበደ ሚካኤል ያሉ ደራስያንም በዚህ እምነት ላይ ቆመው ነበር የሚጽፉት። በእነርሱ ዘንድ የግብረ ገብ መበላሸት የእያንዳንዱ ሰው ጉድለት ነው፤ ትዕቢት፥ ስስት፥ ውለታ ቢስነት፥ ስንፍና ተብሎ በስሙ ይጠራል፤ መድኃኒቱም ምክርና ትምህርት ነው። ይህን ዓይነቱን ግጥም «ተራ ስብከት» ብሎ ማቃለል ኋላ ላይ የተለመደ ሆነ። ነገር ግን ይህ ግጥም በኋለኞቹ ላይ የማይገኝ አንድ ጸጋ ነበረው፤ አንባቢውን ሊለወጥ የሚችል ሰው አድርጎ ያከብረው ነበር።

፪. የደሃው ንግግር

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገና ከሸፈ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሙከራውን በመደገፍ ሰልፍ ወጥተው ነበር። የታሚሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘው ግጥም የተሰማው በዚያው ዓመት፥ በኮሌጁ በዓል ላይ በሚደረገው የግጥም ውድድር ነው። ይህ በዓል ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱ ይገኙበት የነበረ በዓል መሆኑ ለነገሩ ትርጉም ከፍተኛ ዋጋ አለው።

ርእሱ ራሱ በቂ ምስክር ነው። ግጥሙ ስለ ደሃው የሚናገር ሳይሆን ደሃው ራሱ እንዲናገር የተሰናዳ ነው። ተማሪው ራሱን ወደ ጎን አድርጎ ለደሃው አፍ አውሶታል። የንግግሩ ቅርጽ ግን አሁንም የአቤቱታ ቅርጽ ነው፤ ተበዳዩ ቆሞ በደሉን ይዘረዝራል፥ ሰሚውም በፊቱ ተቀምጧል። በዚህ ረገድ «ደሃው ይናገራል» የአዲስ ዘመን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን የአሮጌው ሥርዓት መጨረሻም ነው። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ በኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ቃል በቃል ተፈጸመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ እረኛው ጥያቄውን ሳይጠብቅ መናገሩና ሰሙን ጥሎ በወርቁ ብቻ መናገሩ ነው።

ሰሙ ሲወድቅ ሰሚውም መሸሸጊያውን ያጣል። ፊት ለፊት የተነገረው ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ በአደባባይ ይቀበላል፥ ወይ ይቆጣል። የተማሪዎቹ ግጥምና የመንግሥቱ ጆሮ ከዚያ ወዲያ እየተራራቁ መሄዳቸው ስለዚህ የሚያስደንቅ አይደለም። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጥተው ነበር፤ ይህም በግልበጣው ሙከራ ጊዜ የመኳንንቱ ደም የፈሰሰበት ቤት ነው። ስጦታው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ሲሰጥ የሰሚነቱ ቦታ አብሮ አልተሰጠም።

፫. ከጥያቄ ወደ መርገም

በ1950ዎቹ ማገባደጃ ላይ የተሰማው የኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ሌላ እርምጃ ነበር። አቤቱታ ለበላይ ይቀርባል፤ ጥያቄ ግን ለሁሉም ይቀርባል፤ ጠያቂው ራሱ እንኳ ከተጠያቂዎቹ መካከል ነው። የዚህ ግጥም ርእስ ማንንም በስም አይጠራም፤ አድማጩ ግን ሁሉ ራሱን እንዲመረምር ያስገድዳል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው የተማሪ ትውልድ የራሱን ማንነት መጠየቅ መጀመሩ በግጥም የተመዘገበው በዚህ ነው። ጥያቄው ሊመለስ የሚችለው ግን ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ሲሰማሙ ብቻ ነበር። ይህ ዓይነቱ መደማመጥ ደግሞ በውድድር መድረክ ላይ፥ በጭብጨባና በሽልማት መካከል አይገኝም።

የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» ከሁሉም የራቀውን ደረጃ ያሳያል። ገጣሚው የቤተ ክህነትን ትምህርት የቀመሰ ሲሆን ለብዕር ስሙ «ገሞራው» የሚለውን መርጧል። ግጥሙ በ1959 ዓ.ም. ተሰምቶ በ1966 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጣ። ርእሱ በግእዝ ሥርዓት የተናበበ ነው፤ «የመርገም በረከት» ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግም በረከትና መርገም በሁለት ተራራ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ይነበባሉ፤ ሰውም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ገሞራው ሁለቱን በአንድ ሐረግ አናብቦ ምርጫውን አስቀረው። ከዚህ ወዲያ ሊገኝ የሚችለው በረከት የመርገም በረከት ብቻ ነው ማለቱ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው መርገሙ የሚወርደው በማን ላይ እንደ ሆነ ነው። ግጥሙ የሚረግመው ሹማምንትን ብቻ አይደለም፤ ዓለምን በጥበባቸው አቀኑ የሚባሉትን ፈልሳፊዎችና ሊቃውንት ጭምር ነው፤ የድካማቸው ፍሬ ለተበደለው ሰው አልደረሰምና። የሐሳቡ ስፋት በአማርኛ ግጥም ታሪክ ውስጥ አቻ የሚገኝለት አይመስልም። የግብረ ገብ መበላሸት የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተ መንግሥት ጉድለት መሆኑ ቀርቶ የሥልጣኔው ሁሉ በሽታ ሆነ። ነገር ግን ወቀሳው ሁሉን ሲያቅፍ ተጠያቂው ይጠፋል። የሞተ ፈልሳፊ ሊታረም አይችልም፤ ሥልጣኔም መልስ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ከባህል ጥናት የሚገኝ አንድ ማስረጃ ይረዳል። በኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ መርገም ከተራ የቁጣ ቃል የሚለይ ሕግ ያለው ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ግዝት ያሰረው ካህን ሲፈታው ይፈታል። በጉራጌ ባህል «አንቂት» በሚባለው ልማድ የባልዋ ቃል ያሰራት ሴት ከእስራቱ የምትወጣው ያሰራት ሰው ሲፈታት ብቻ ነበር፤ ልማዱ በደል ያለበት በመሆኑ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የቃቄ ወርድወት እንደ ታገለችው ይተረካል። በደሉ እንዳለ ሆኖ የሥርዓቱ አሠራር ግልጽ ነው፤ አሳሪም፥ ታሳሪም፥ ፈቺም በስም ይታወቃሉ፤ በመካከላቸውም ሽማግሌ ይገባል። «በረከተ መርገም» የመርገምን ኃይል ከባህሉ ወሰደ፤ መፍቻውን ግን አልወሰደም። ሽማግሌ የሚገባበት በር የሌለው መርገም ነው። ይህ የጥበብ ጉድለት ሳይሆን የዘመኑ እውነተኛ ምስል ነው ሊባል ይቻላል፤ ይሁንና ያንን ግጥም በቃሉ ያጠና ትውልድ ከመርገም በኋላ ምን እንደሚመጣ ከግጥሙ ሊማር አልቻለም።

በ1966 ዓ.ም. የታተመው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ይህንኑ ዘመን በሌላ ገጽ ያሳያል። ርእሱ በ«ወይ» የታሰረ ነው፤ ከሁለት አንዱ እንጂ መካከለኛ የለም። በዚህ መድበል ከሚገኙት ግጥሞች አንዱ በሆነው በ«አዋሽ» ገጣሚው ወንዙን እንደ ሰው ያነጋግረዋል። ከደጋ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በበረሃ የሚቀረው አዋሽ ለአንድ ትውልድ ድካም ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። ግጥሙ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሰሚን ከሰው መካከል ያጣ ባለ ቅኔ ወደ ወንዝ ዞሮ ሲናገር ተስፋ መቁረጡ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ይታያል።

፬. የህንድ ገጣሚዎች ምሳሌ

የፖለቲካ ተስፋ መቁረጥ በግጥም ሲገለጽ ሁልጊዜ ወደ መርገም ወይም ወደ ዝምታ እንደማያመራ ለማየት የህንድን ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። በሂንዲ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ «ሞህብሃንግ» የሚባል ስም የተሰጠው ስሜት አለ፤ ፍችውም የምኞት መሰበር እንደ ማለት ነው። ክፍለ አህጉሩ እ.ኤ.አ. በ1947 ነጻ በወጣና ለሁለት በተከፈለ ጊዜ የዑርዱው ገጣሚ ፋይዝ አሕመድ ፋይዝ ስለዚያ ንጋት የጻፈው ግጥም የተጠበቀው ንጋት ይህ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ያረፈው ሙክቲቦድ «በጨለማ ውስጥ» በተሰኘው ረጅም ግጥሙ በሌሊት የሚሄድ አስፈሪ ሰልፍ ያሳያል፤ በሰልፉ ውስጥ ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ በቀን የተከበሩ ጸሐፍትና ምሁራንም ይገኛሉ። የዱሚል መድበል፥ «ከፓርላማ እስከ ጎዳና»፥ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ።

በእነዚህ ሥራዎችና በአማርኛዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከምሬት መጠን ሳይሆን ከሰሚው ማንነት ነው። የህንዱ ገጣሚ የተሰበረበት ቃል ኪዳን አለው፤ ነጻነት ተብሎ ነበር፥ ምርጫ ተብሎ ነበር። ቃል ኪዳኑን የሰሙ ሁሉ ስለ መፍረሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ስለዚህ ዱሚል ከፓርላማው ሲወጣ የሚሄድበት ጎዳና አለ፤ በጎዳናውም ድምፁን የሰጠ ዜጋ ቆሟል። ሙክቲቦድም የግብረ ገብን ውድቀት ሲፈልግ በራሱ መደብ ውስጥ፥ በጸሐፍቱ መካከል አገኘው። የአማርኛው ገጣሚ ግን ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ሲመለስ የሚሄድበት ጎዳና ምን ነበር? በጎዳናው ላይ የቆመውስ ማን ነበር?

፭. ጎዳናው

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከአዲስ አበባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በመልካ ቁንጥሬ አዋሽን ይሻገራል፤ ትክል ድንጋዮች በቆሙባት በጢያና በቡኢ አልፎ፥ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ወደምትገኘው ወደ ቡታጅራ ይደርሳል። ጸጋዬ በግጥሙ ያነጋገረው ወንዝና ይህ መንገድ በመልካ ቁንጥሬ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ።

አካባቢው የእንሰትና የበርበሬ አገር ነው፤ መስቃን፥ ክስታኔ፥ ስልጤ፥ ማረቆና ሌሎችም ሕዝቦች፥ ክርስቲያኑም እስላሙም፥ በአንድ ገበያ ይገናኙበታል። ከዚህና ከሰባት ቤት ጉራጌ ብዙ ሰዎች ወደ አዲስ አበባ እየወጡ በተሸካሚነት፥ በቀን ሠራተኛነት፥ በጫማ ጠራጊነትና በችርቻሮ ንግድ ይተዳደሩ ነበር። ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የጉራጌ ጥናቱ ይህን የከተማ ፍልሰት ከእንሰት እርሻ ሕይወት ጋር አያይዞ ገልጾታል። የኮሌጁ ተማሪ ከመርካቶ እስከ አራት ኪሎ ሲሄድ በየመንገዱ የሚያየው ሸክም ያጎበጠው ሰው ይህ ነው። «ደሃው ይናገራል» ሲባል አድማጩ በዓይነ ልቡናው የሚስለው ሰው ከሌሎች ጋር እርሱም መሆኑ አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ይህ ሰው ዝም ብሎ አልነበረም። እቁብና ዕድር ነበረው፤ በመስቀልና በዓረፋ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። በ1954 ዓ.ም.፥ ማለት «ደሃው ይናገራል» በተሰማ በዓመቱ፥ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ሰዎች በዘመኑ አጠራር የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበር የተባለውን አቋቋሙ፤ የመጨረሻው ከተማ ዛሬ ወላይታ ሶዶ የሚባለው ነው። የማኅበሩ አነሣሽ ክስታኔዎች ሲሆኑ በመንገዱ መስመር ላይ የሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦችም ገብተውበታል። ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይህ ማኅበር የከተማውንና የገጠሩን ሰው እንዴት እንዳገናኘ መርምሯል። ሥራው መዋጮ ከመሰብሰብ ይጀምራል፤ ዓላማውም ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ነበር።

እዚህ ላይ የሚታየው የንግግር ዓይነት ከአቤቱታም ከመርገምም የተለየ ነው። በማኅበር ስብሰባ ላይ የሚነሣ ሰው የሚናገረው ለጎረቤቱ ነው። መዋጮውን ያልከፈለ በስሙ ይጠራል፤ ቃሉን ያጠፈ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይወቀሳል። በዕድር ዘንድ ለቀብር ያልመጣ አባል መቀጮ እንደሚከፍል የታወቀ ነው። የግብረ ገብ መላላት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የዘመን በሽታ ወይም የሥልጣኔ ውድቀት ተብሎ አይነገርም፤ እገሌ በዚህ ቀን አልመጣም ተብሎ ይነገራል እንጂ። ስለዚህ የሚታረምበት መንገድም አብሮ ይገኛል። በክስታኔ የጎርደና ሴራ፥ በሰባት ቤት የጆካ የሚባሉት የባህል ሕጎችና ሸንጎዎችም የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ደሃው በራሱ አፍ ሊናገር እንደሚችልም ማስረጃ አይታጣም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌን ገጠር ሕይወት በቸሃ ቋንቋ ጽፎ ሥራው በዎልፍ ሌስላው ተተርጕሞ «የሺነጋ መንደር» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ወጣ። ሌስላው ራሱ «ኢትዮጵያውያን ሲናገሩ» ብሎ በሰየማቸው ተከታታይ መጻሕፍት፥ እ.ኤ.አ. በ1966 የቸሃ፥ በ1968 የሶዶ ተናጋሪዎች ስለ ራሳቸው አኗኗር በራሳቸው ቋንቋ የነገሩትን አሳትሟል። በኮሌጁ አዳራሽ ደሃው በአማርኛ ግጥም እንዲናገር ተደርጓል፤ በእነዚህ መጻሕፍት ደግሞ በገዛ ቋንቋው ተናግሯል። ሁለቱን ንግግሮች አጎራብቶ የመረመረ የሥነ ጽሑፍ ሒስ ግን በቀላሉ አይገኝም።

ይህን ንጽጽር ወደ ማሞካሸት መለወጥ አይገባም። ማኅበሩ በመንግሥት ፈቃድ ጥላ ሥር የሚሠራ ነበር፤ በመሪዎቹ ዘንድ ባለ ሥልጣኖችና ባለ ሀብቶች ነበሩበት። መንገድ መሥራት መሬትን አላነሣም፤ በደቡብ አገር ጭሰኛ የነበረው ገበሬ መኪና በደጁ ቢያልፍለትም ጭሰኛነቱ አልቀረለትም። ስለ መሬት የጠየቁት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ስለ ማንነትም የጠየቁት እነርሱ ናቸው፤ ዋጋውንም ከፍለውበታል። ስለዚህ የሚባለው ማኅበሩ ትክክል ነበር፥ ግጥሙ ተሳሳተ አይደለም። ማኅበሩ ያልደፈረውን ጥያቄ ግጥሙ ደፍሯል፤ ግጥሙ ያላገኘው ሰሚ ግን በማኅበሩ ውስጥ ነበር። ገጣሚዎቹ ደሃውን ተናጋሪ ሲያደርጉት ሰሚ ሊሆን እንደሚችል አላሰቡም። ንግግሩ በስሙ ተደረገ እንጂ ለእርሱ አልተደረገም።

፮. ለራስ የተጻፈ

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ዙፋኑን ሲያስወግድ የድሮው ሰሚም አብሮ ተወገደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም የተሰበረው የሌላ ሰው ቃል ሳይሆን የትውልዱ የራሱ ተስፋ ነው። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የቀይ ሽብር ዘመን በአንድ አዳራሽ ግጥም ሲሰሙ የነበሩ ሰዎች ተገዳደሉ። በዚያ ወቅት መርገም የግጥም ዘይቤ መሆኑ ቀርቶ የአደባባይ መፈክር ሆነ፤ «ይውደም» የሚለው ቃል በየግድግዳው ተጻፈ። መርገሙን ከመፈክሩ የወለደው ግጥሙ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ገሞራው ራሱ ከአገሩ ርቆ በስደት ኖሮ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን አርፏል።

የደበበ ሰይፉ ሥራዎች የዚህን ሁለተኛ ዘመን ጠባይ በሚገባ ያሳያሉ። «የብርሃን ፍቅር» በ1980 ዓ.ም.፥ «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ደግሞ ገጣሚው ባረፈበት በ1992 ዓ.ም. ታተሙ። የኋለኛው ርእስ የአርባ ዓመት ጉዞ መደምደሚያ ነው። በ1953 ዓ.ም. ደሃው ለንጉሡ ተናገረ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪው ሁሉንም ጠየቀ፥ ዓለምንም ረገመ፤ በመጨረሻም ገጣሚው ለራሱ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚላክ ነገር ነው፤ ላኪውና ተቀባዩ አንድ ሲሆኑ ሌላው ሰሚ ሁሉ ማለቁን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የደበበን ግጥም እንደ ሽሽት መቁጠር ትክክል አይደለም። የግብረ ገብ ውድቀትን በሌላው ላይ ብቻ ሲፈልግ የነበረው ግጥም እዚህ ላይ ወቀሳውን ወደ ራሱ መልሷል። ሙክቲቦድ በሌሊቱ ሰልፍ ውስጥ የራሱን መደብ እንዳየ ሁሉ፥ ደበበም ለራሱ ሲጽፍ የተጠያቂነትን ቦታ ባዶ አላስቀረም። ራሱን መስማት የቻለ ገጣሚ ሌላውን ለመስማት መንገድ ጀምሯል፤ የቀረው ከቤት ወጥቶ ጎረቤትን መጥራት ነው።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመሩት ሥራዎች የሚያሳዩት በአማርኛ ግጥም የፖለቲካ ተስፋ መቁረጥና የግብረ ገብ ወቀሳ አንድ ላይ መለወጣቸውን ነው። ሰሚው ንጉሥ በነበረ ጊዜ ጥፋቱ የሹም ጥፋት ነበር፤ ሰሚው ሲጠፋ ጥፋቱ የዓለም ሁሉ ሆነ፤ ሰሚው ራስ ሲሆን ጥፋቱም የራስ ሆነ። በሦስቱም ደረጃዎች ያልተሞከረው አንድ ሰሚ ግን አለ፤ እርሱም በዕድሩ፥ በእቁቡና በመንገዱ ማኅበር ውስጥ የተቀመጠው እኩያ ሰው ነው። ይህን ሰሚ ያላገኘ ግጥም የቱን ያህል ቢደፍር ምሬቱ ወደ ሥራ የሚለወጥበት ቦታ አያገኝም፤ የዚያ ትውልድ ታሪክም ይህ የቱን ያህል ውድ ጉድለት እንደ ሆነ አሳይቷል።

ይህ ከሆነ ለባህል ተመራማሪዎችና ለከፍተኛ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። በቡታጅራና በአካባቢው በመስቃን፥ በክስታኔ፥ በስልጤና በማረቆ ቋንቋዎች የሚዘፈኑት የስደት፥ የመመለስና የመንገድ ሥራ ዘፈኖች በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከነዜማቸውና ከነተዘፈኑበት ምክንያት ሊሰበሰቡ ይገባል። ከኮሌጁ ግጥሞች ጎን ሲቀመጡ ደሃው በእርግጥ ምን እንዳለ፥ ለማንስ እንደ ተናገረ መለየት ይቻላል። እስካሁን በአማርኛ ግጥም ታሪክ ውስጥ «ደሃው» ተብሎ የተመዘገበው ድምፅ የተማሪው ድምፅ ብቻ ነው፤ የራሱ የደሃው ድምፅ ገና በሜዳው ላይ ነው፤ «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀውን ይጠብቃል።